የገበሬ ቤት በከተማ ሳሎን፦ ስለ ጌጥ፣ ስለ ዕውቀትና ስለ ሠሪው ድርሻ

(ፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ባዘጋጀው የገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእስ የቤት ውስጥ ውበትን የሚመለከት ስለሆነ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ስለ ሳሎን ስንነጋገር ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ ክፍፍልና ስለ ማኅበራዊ ክብርም እየተነጋገርን መሆናችንን ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

እኔ በምኖርበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞ እስከ ጎፋ፣ ከለቡ እስከ መካኒሳ፣ አዲስ ቤት የሚያሰናዳ ቤተሰብ በዚህ ዘመን «ፋርምሃውስ» የሚለውን ቃል መስማቱ አይቀርም። የገበሬ ቤት ዘይቤ ማለት ነው። ነጭ ቀለም የተቀባ የጣውላ ግድግዳ፣ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ትልቅ የእንጨት በር፣ ጥልቅና ሰፊ የእቃ ማጠቢያ ገንዳ፣ ሆን ተብሎ ያረጀ እንዲመስል የተፋቀ ጠረጴዛ፤ እነዚህ ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ይህ የማን ገበሬ ቤት ነው? የእኛስ ገበሬ ቤት የት ሄደ?

ምክንያቱ የጠፋበት ቅርጽ

ይህ ዘይቤ በዓለም ዙሪያ የታወቀው ባለፉት ዐሥር ዓመታት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ቺፕ እና ጆአና ጌይንስ የተባሉ ባልና ሚስት በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በዌኮ ከተማ አሮጌ ቤቶችን ሲያድሱ የሚያሳየው «ፊክሰር አፐር» የተሰኘ የቴሌቪዥን ዝግጅት መታየት ጀመረ። ዘይቤውን በየአገሩ ካስፋፉት ነገሮች አንዱ ይህ ዝግጅት ነበር።

ልብ ልንለው የሚገባው ግን ከምልክቶቹ እያንዳንዱ በመነሻው የችግር መፍትሔ እንደነበረ ነው። ገንዳው ጥልቅና ሰፊ የሆነው የቧንቧ ውኃ ባልነበረበት ዘመን፣ በባልዲ የመጣ ውኃ ተጠራቅሞ ብዙ እቃ የሚታጠብበት ስለነበረ ነው። በሩ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተተው የጋጣ መግቢያ ድርቆሽ የጫነ ጋሪ የሚያሳልፍ ሰፊ መሆን ስለነበረበት፣ ያን ያህል የሰፋን በር ደግሞ ነፋስ እንዳያላትመው ነው። ጣውላው ተነባብሮ የሚመታው ነፋስና ዝናብ እንዳያሳልፍ ነው። ዛሬ በአንድ የለቡ አፓርታማ ውስጥ እነዚህ ነገሮች ሲተከሉ ጋሪውም፣ ድርቆሹም፣ ባልዲውም የሉም። የቀረው ቅርጹ ብቻ ነው።

ይህም አዲስ ነገር አይደለም። በ1780ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ንግሥት ማሪ አንቷኔት በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ አንድ ትንሽ የገበሬ መንደር አሠርታ ነበር። የቤቶቹ ውጫዊ ግድግዳ ያረጀ እንዲመስል ሠዓሊዎች ሐሰተኛ ስንጥቅ ሣሉበት፤ የንግሥቲቱ ቤት ውስጡ ግን የቤተ መንግሥት ድሎት ነበረው። የገበሬን ቤት መውደድና ገበሬውን ማወቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

የእኛ ገበሬ ቤት ምን ይዟል?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አንድ ብቻ የሆነ «የኢትዮጵያ ገበሬ ቤት» የለም። በትግራይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ፣ ጣራው በአፈር የሚደለደለው ሕድሞ አለ። በጋሞ ተራራ የዶርዜ ሕዝብ ከቀርከሃ የሚፈትለው ረጅም ቤት አለ፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው እየተቆረጠ ስለሚጣል ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረም ቢሆን መኖሩን ይቀጥላል። በአማራና በሸዋ ኦሮሞ ገጠሮች ደግሞ ብዙዎቻችን የምናውቀው የእንጨትና የጭቃ ቤት አለ። የዛሬው ንግግሬ በዚህኛው ላይ ያተኩራል።

ቋሚው ይተከላል፤ ማገሩ በልጥ ይታሰራል። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል፤ ለቀናት ውኃ እየጠጣ፣ በእግር እየተረገጠ ይቆያል። ጭዱ በአፈሩ ውስጥ እየበሰበሰ ሲሄድ ጭቃው ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል። ሳይበሰብስ የቀረው የጭድ ቃጫ ደግሞ ግድግዳው ሲደርቅ ስንጥቁን ይዞ ያስቀራል። ከዚያ ምርጊቱ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ይደረባል፤ እያንዳንዱ ድርብ የፊተኛው ደርቆ ሲሰነጠቅ ስንጥቁን ይሞላል። ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፤ አቧራ ያስራል፣ ሲደጋገም ይጠነክራል።

ውስጡ ስትገቡ የቤት ዕቃው ከቤቱ ተለይቶ የተገዛ አይደለም። መደቡ ከግድግዳው ጋር አብሮ ከጭቃ የተሠራ ነው፤ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ ይሆናል። ወፍጮው በጭቃ መቆሚያ ላይ ተተክሏል። ከጭቃና ከጭድ የተበጀው ጎታ እህል ይይዛል፤ ከታች ባለችው ቀዳዳ ለዕለት የሚበቃው ይቀዳል። በኦሮሞው ገበሬ ግቢ እህል የሚቀመጥበት ጎምቢሳ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ እርጥበትና አይጥ እንዳይደርሱበት ነው። ከአክርማና ከስንደዶ በወስፌ የተሰፋው ሞሰብ እንጀራው እንዳይደርቅም፣ ላብ አውጥቶ እንዳይሻግትም ይጠብቀዋል። እንስራው ውኃውን በገላው ጥቂት በጥቂት እያተነነ ያቀዘቅዘዋል። ለጌጥ ብቻ የተቀመጠ ነገር ብትፈልጉ ብዙ አታገኙም። ውበቱ ግን አለ፤ ውበቱ ከሥራው የተነጠለ አይደለም።

ይህ ቤት በቋንቋችን ውስጥም ይኖራል። የሚያገባን ወጣት «ጎጆ ወጣ» እንላለን። ቤተሰብ የተሸከመን ሰው «የቤቱ ምሰሶ» እንለዋለን። ትዳር መመሥረት «ሦስት ጉልቻ» መመሥረት ነው። ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚያበስሉ ሙሽሮችም ሲመረቁ በእነዚህ ቃላት ነው።

ስለ ናፍቆት ስንናገር እውነቱን እንናገር

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የገበሬ ቤት ገነት አልነበረም። እኔ የተወለድኩት በእንዲህ ያለ ቤት ነው፤ በሠላሳ ዓመት ዕድሜዋ ዓይኖቿ በጭስ የቀሉ እናት ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጭሱ የሣር ክዳኑን ከነፍሳት ይጠብቃል፤ ያንኑ ጭስ የምትተነፍሰው ግን ሴቲቱ ናት። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ ሕመም እንደሚሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ያ እንስራ ዛሬ በሳሎን ጥግ አበባ ሲይዝ ያምራል። ሙሉ እንስራ ውኃ በጀርባ አዝሎ ዳገት መውጣትን ግን የሚያምር የሚለው ያልተሸከመ ሰው ብቻ ነው። ወለል መለቅለቁ፣ ግድግዳ በየዓመቱ መመረጉ፣ ወፍጮ ላይ ማጎንበሱ በአብዛኛው የሴቶች ጉልበት ነበር።

ስለዚህ «ወደ ጥንቱ እንመለስ» ለማለት አልመጣሁም። የምለው ይህ ነው፦ ጭሱን ትተን ዕውቀቱን መውሰድ ይቻላል። እኛ ግን እያደረግን ያለነው ዕውቀቱን ትተን ምስሉን መውሰድ ነው።

ከተማዋ ጭቃዋን እንዴት ረሳች?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተሠራችው በአብዛኛው በዚሁ የገጠር ጥበብ ነው። የአካባቢው ደን ሲመናመንና ባሕር ዛፍ ገብቶ ሲለመድ የከተማዋ ቤት መልክ ያዘ፦ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። የነባር ሠፈሮቻችን ትልቁ ክፍል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲህ ነበር። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ወደ መንግሥት ሲዛወር ብዙዎቹ ጭቃ ቤቶች በቀበሌ አስተዳደር ሥር ገቡ። የኪራዩ ገንዘብ ለእድሳት አይበቃም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ጉልበቱንና ገንዘቡን ለማፍሰስ ይሠጋል። በየጊዜው መመረግ ያለበት ግድግዳ ሳይመረግ ዐሥርት ዓመታት ተቆጠሩ። በመጨረሻም «ጭቃ ቤት» የሚለው ቃል የግንባታ ስልት መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ የድህነት መጠሪያ ሆነ። ጭቃው የተወቀሰው በእንክብካቤ ጉድለት ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲጀመር መልሱ ኮንክሪትና ብሎኬት ሆነ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ባለቤት ያደረገ ሥራ ነውና አቃልዬ አላየውም። በዕቅዱ ውስጥ አንድ አስተዋይ ሐሳብም ነበረበት፦ ከሕንፃዎቹ አጠገብ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በግ የሚታረድበት የጋራ መገልገያ ቤት ተሠራ። አንድ መሐንዲስ የገበሬው ቤት ጓዳና ደጅ በፎቅ ላይ ቦታ እንደማይኖረው አስቦ ነበር ማለት ነው። ከተማሪዎቼ ጋር ጀሞ ስንዘዋወር ካየናቸው የጋራ ቤቶች አንዳንዶቹ መጋዘን፣ አንዳንዶቹ መኖሪያ ሆነዋል። አንዲት እናት ግን የገጠር ሞሰባቸውን ከማቀዝቀዣው አናት ላይ አስቀምጠው እየተጠቀሙበት አገኘናቸው። «ማቀዝቀዣ እንጀራዬን ያደርቅብኛል» አሉን። ያ ሞሰብ እዚያ የተቀመጠው ለጌጥ አልነበረም።

አሁን ደግሞ የአካባቢውን ስም አስታውሱ። «ላፍቶ» በአፋን ኦሮሞ የግራር ዛፍ መጠሪያ ነው። ላፍቶ፣ ለቡና ጀሞ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የኦሮሞ ገበሬዎች ጤፍና ስንዴ የሚዘሩባቸው፣ ከብት የሚያሰማሩባቸው መሬቶች ነበሩ። ከተማው ሲሰፋ የገበሬው ቤት ተነሣ። ዛሬ በዚያው መሬት ላይ በቆመው ቪላ ሳሎን ውስጥ «የገበሬ ቤት ዘይቤ» ከውጭ በመጣ ጣውላ ይተከላል። ይህን የምለው የቤት ባለቤቱን ለማሳፈር አይደለም፤ ቤት ማስዋብ ወንጀል አይደለም። ነገር ግን አንድ የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያ ይህን ሳያውቅ በዚያ መሬት ላይ «ገበሬ» የሚለውን ቃል ሊሸጥ አይገባም።

ዕቃውን አክብሮ ሠሪውን መናቅ

«ፋርምሃውሱን ትተን ወደ ራሳችን ባህል እንመለስ» የሚሉ ወገኖችም አሉ። በሆቴሎችና በባህላዊ ምግብ ቤቶች የሣር ክዳን ያለው ማዕዘን፣ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሞፈርና ቀንበር፣ መብራት የሆነ አገልግል የተለመደ ሆኗል። ሐሳቡ በጎ ነው፤ ሆኖም የቬርሳይ ፈተና እዚህም ይገጥመናል። ሣሩ ፕላስቲክ፣ ጭቃው ቀለም የተቀባ ሲሚንቶ፣ ሞሰቡ ክዳኑ የማይከፈት ከሆነ ያደረግነው የባዕዱን ምስል በራሳችን ምስል መተካት ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ጀበናውን፣ ማሰሮውን፣ ጋኑን የሠራችው ማን ናት? በሰሜን አዲስ አበባ በቀጨኔ ሠፈር ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች ለረጅም ዘመን ከተማዋን በሸክላ ዕቃ አገልግለዋል። ጭቃውን የሚያቦኩት፣ የሚያበጁት፣ በእሳት የሚያበስሉት እነሱ ናቸው። በአገራችን ግን ሸክላ ሠሪውና ብረት ቀጥቃጩ «ቡዳ» ሲባሉ፣ ሸማኔው በሙያው ስም ሲሰደብ፣ ጋብቻ ሲከለከሉ ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ሙያተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው የችግሩን ስፋት ያሳያል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ከአደባባይ ቢሸሽም ከዋጋ ድርድሩ አልወጣም። ከውጭ ለገባ «ያረጀ መሰል» ጠረጴዛ ዋጋ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው፣ ለሸክላ ሠሪዋ ሲሆን ግማሹን ካልቀነስሽ ይላል። ዕቃው ሳሎን ይገባል፤ ሠሪዋ ግን ከደጅ ትመለሳለች።

ከመካኒሳ የሚገኝ ትምህርት

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ ምሳሌ እዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ አለን። መካኒሳ የሚገኘው ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍቷል። መሥራቾቹ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ናቸው። ሕንፃዎቹ በጭቃና በጭድ፣ በድንጋይና በእንጨት በቆየው የአገራችን ስልት የተሠሩ ናቸው። ተማሪዎቼን ወደዚያ ስልክ ስለ ውበቱ እንዲጽፉልኝ አልፈልግም። ሦስት ነገር እንዲመለከቱ እነግራቸዋለሁ፦ ግድግዳው ከመሬት የሚነሣበትን፣ ከጣራው ጋር የሚገናኝበትን፣ የተመረገበትን እጅ።

ምክንያቱም የጭቃ ቤት ጠላቱ ውኃ ነው። እግሩ በድንጋይ መሠረት ከረግረግ ከፍ ካለ፣ ራሱም በሰፊ የጣራ ጠርዝ ከዝናብ ከተጠለለ ለብዙ ትውልድ ይቆማል። የግድግዳው ውፍረት ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ለምትገኝና ቀኗ ፀሐይ፣ ሌሊቷ ብርድ ለሆነ ከተማ የሚስማማ ነው፤ የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። እዚያ የጭቃው ሥራ ጣራ ይሸከማል፣ ሰው ያስጠልላል። በግድግዳው ላይ የሚታየው ቅርጽም ከራሱ ከምርጊቱ የወጣ ነው። የገበሬው ቤት ዘይቤ ማለት፣ በእኔ እምነት፣ ይህ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሁላችንም ሙዚየም አንሠራም፤ አብዛኞቻችን የምንኖረው በብሎኬት ቤት ውስጥ ነው። በዚያም ቢሆን የሚሠራ ነገር አለ። በጠባብ ሳሎን ውስጥ ግዙፍ ሶፋ ከማስገባት ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ፣ ሥሩ ዕቃ የሚይዝ መደብ መሥራት ቦታ ይቆጥባል። ውኃ በማይነካው የውስጥ ግድግዳ ላይ ገጹን አሻክሮ፣ ደቃቅ ጭድ የገባበትን ጭቃ በስስ በስሱ ደራርቦ መምረግ ይቻላል፤ እርጥበት ይመጥጣል፣ ሲሰነጠቅም በቤቱ ሰው እጅ ይጠገናል። ሞሰብ ግዙ፤ እንጀራ አስቀምጡበት።

ደንበኞቻችሁ «የገበሬ ቤት» ሲጠይቋችሁ ሦስት ጥያቄ መልሱላቸው። ይህ ዕቃ በዚህ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? ማን ሠራው፣ የድካሙንስ ዋጋ አግኝቷል? ሲጎዳ የሚጠግነው አለ? ለሦስቱም መልስ የሌለው ዕቃ ከየትም አገር ይምጣ ቅርጹ የቀረ ጋጣ በር ነው።

ለፋኩልቲያችንም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ነባር ሠፈሮች በመልሶ ማልማት በሚነሡበት በዚህ ወቅት ከቤቶቹ ጋር የሚበተን ሌላ ሀብት አለ፤ የማቡካት፣ የመምረግ፣ የማሰር ዕውቀት። ይህ ዕውቀት ያለው በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅ ነው፤ እጆቹም እያረጁ ናቸው። ለኮንክሪት ጥንካሬ መፈተኛ ቤተ ሙከራ አለን፤ ለጭቃ ግን አንድ የመለማመጃ ግድግዳ የለንም። መራጊዎችንና ሸክላ ሠሪ እናቶችን እንግዳ አድርገን ለአንድ ቀን ከማሳየት ይልቅ በክፍያ የሚያስተምሩ መምህራን አድርገን እንቀበላቸው። ዲግሪ የላቸውም የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። እኔ ዶክትሬቴን ይዤ፣ በሰባተኛው ቀን ጭቃው በቅቶ እንደሆነ በእግሬ ረግጬ መለየት አልችልም፤ እነሱ ይችላሉ።

አባቶች «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። የአሜሪካውን ጉልቻ አንሥተን የራሳችንን ብናስቀምጥ፣ ከሥሩ ያለው የሠሪ ንቀት እንዳለ ከቀጠለ ወጡ ያው ነው። ተማሪዎቼ፣ ነገ የሰው ሳሎን ስትነድፉ ከጉልቻው በፊት ስለ ባለሙያዋ አስቡ።